እየሠራ ነው የተባለው ዘይት ቤት

ሰቆጣ ውስጥ አገኘሁሽን የማያውቅ ሰው የለም። ባሏ ከሞተ በኋላ ኑግና ሰሊጥ እየጨመቀች ቤቷን ያቆመች፣ ነገር ሲመጣባት ወደኋላ የማትል ሴት ናት። በጦርነቱ ጊዜ የመጭመቂያዋ ሞተር ተዘረፈ። ምን ታድርግ! በዚያው ቤት፣ «ዘይት ማምረቻ» በሚለው በዚያው ታፔላ ሥር፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የፓልም ዘይት በጄሪካን እያስመጣች መቸርቸር ያዘች።

አምና፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ወንዳወቅ ማምረቻዎችን ሊቆጥር በሯ ላይ ቆመና «እትዬ አገኘሁሽ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አላት። ለእንግዳ «ቤቴ ተዘግቷል» ይባላል እንዴ? «ተመስገን!» አለችው። ታፔላውን አየ፣ ስንት ሊትር እንደምትሸጥ ጠየቀ፣ ሄደ። በቃ! የምትቸረችረው ድሮ ትጨምቀው ከነበረው ስለሚበልጥ፣ በመንግሥት ዓይን ዘይት ማምረቻዋ እንዲያውም አድጓል። ዘንድሮ ለቆሙ ማምረቻዎች ሞተር ሲታደል «የእርስዎማ እየሠራ ነው» ብለው መለሷት። ያን ቀን በንዴት እህል አልቀመሰችም።

ይኸው ወንዳወቅ ዛሬ ታብሌቱን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ተመልሶ መጣ። «ሥራ እንዴት ነው?»

«ተመስገን አልልህም! ና ግባ!» እጁን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችው። መጭመቂያው ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። «የሚሠራው ይሄ ነው? እግዜር ያሳይህ!»

«ግን እኮ እትዬ፣ የሚሸጡት ዘይት ጨምሯል።»

«እኔ ነኝ የጨመቅሁት? በመርከብ የመጣውን ለእኔ ትቆጥርልኛለህ?»

በዚህ መሐል መልሰው የሚባል የደሃና ወረዳ ገበሬ ኑጉን በአህያ ጭኖ ደረሰ። ታፔላውን አምኖ ነው ያን ሁሉ አቀበት የወጣው። እንደማይጨመቅ ሲሰማ ክው አለ፤ ከረጢቱን አወረደና «እንግዲያማ ለጾሙ ከዚያው ከጄሪካኑ ሁለት ሊትር ስጭኝ» አላት።

ቀዳችለት። የወንዳወቅ ጣት ወደ ታብሌቱ ሲሄድ ግን ዓይኗ ያዘው።

«እንዳትነካ! አልሸጥሁም! ወንድሜ፣ በነፃ ውሰደው! በል አሁን ስንት ሊትር ተሸጠ ትላለህ?»

ወንዳወቅ ጣቱን ሰበሰበ። «እሺ እትዬ፣ ይቅርታ። ቆሟል ብዬ ልጻፍ? ለሞተሩ ተራ ይይዛሉ።»

«ጻፍ!»

ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበላት፤ «የአገኘሁሽ ዘይት ማምረቻ፣ ሥራ ያቆመ።»

ስትሟገትለት የከረመችው ይህንኑ ነበር። ከሰው አፍ ስትሰማው ግን የመልሰው ኑግ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እንባዋን እየጠረገች «አንተ ደግሞ ምን ያስጮህሃል!» ብላ ተቆጣችው።