ዘይት በጠፋበት ዓመት የተማርኩት የሕዋስ ሽፋን

በሰባ ሰባቱ ድርቅ መካነ ሰላም አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ በአብዮቱ መባቻ ወደ ገጠር የወጡት ዘማቾች ናቸው፤ አንደኛ ክፍል ስገባ ባል ፈትቼ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ በአሥር ዓመት ያንሱኛል፤ «እትዬ» ይሉኛል፣ አንቱታውም አይቀርም፤ አጠገቤ ግን የሚቀመጥ የለም።

አንድ የገበያ ቀን ታላቅ ወንድሜ ወደ ቤት ሊወስደኝ ከወግዲ መጣ። ገብሱ አልያዘም፤ ከእንግዲህ ስንቅ መላክ አይችልም። «የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ብቻ ጨርሼ ልምጣ» ብዬ ለመንኩት። አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ትምህርቱ ባዮሎጂ ነበር። ሌላ ዓመት ቢሆን መምህራችን ብርጭቆ ውሃ ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ያሳየን ነበር። በዚያ ዓመት ግን ዘይት ለማሳያ ማፍሰስ ነውር ነው። ስለዚህ ሜዳ አወጣንና «ዛሬ የሕዋሱን ሽፋን የሚሠሩት ፎስፎሊፒዶች እናንተ ናችሁ» አለን። ፊታችን ራስ ነው፤ ፎስፌት ያለበት፣ ውሃ የሚወድ። ወደ ኋላ የምንዘረጋቸው ሁለት እጆች ጭራ ናቸው፤ ከውሃ የሚሸሹ ቅባቶች። ሕዋሱ በውስጥም በውጭም ውሃ ነው።

«በሉ፣ በሁለት ረድፍ ቁሙ!»

ፊት ለፊት ቆምን። እኛ አገር ሁለት ረድፍ ሲባል የሠርግ ዘፈን አቋቋም ነው፤ ሌላ አናውቅም።

«ምነው፣ ሙሽራ መጣች እንዴ?» አለ መምህሩ። «እንዲህ ከሆነ እኮ ራሱ መሃል ተቀብሮ ጭራው ውሃ ገባ። ዙሩ፣ ጀርባ ለጀርባ!»

ሁሉም ዞረ፤ ከእኔ ትይዩ ያለችው ልጅ ብቻ ንቅንቅ አላለችም።

«ወላሂ ለእትዬ ጀርባዬን አልሰጥም!»

«እዚህ እትዬ የለችም፤ ሞለኪውል ናት።»

«ሞለኪውልም ቢሆኑ ታላቄ ናቸው!»

ሜዳው በሳቅ ሞላ። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ አፌን ከፍቼ አላውቅም ነበር። «ዙሪ እንጂ» አልኳት፣ «ሕዋሱ በአንቺ በኩል ሊፈስ ነው።» ዞረች። ወደ ኋላ የዘረጋቻቸው እጆቿ ክርኖቼን ነኩ።

መምህሩ ከረድፉ መሃል አንዱን መዝዞ አወጣ። ክፍተቱ ማንም ሳያዝዝ ተዘጋ፤ ግራና ቀኙ ጠጋ ጠጋ አለ። እኔ እስከዚያ ቀን ሽፋኑን እንደ ካብ ነበር የማስበው፣ ሰው ድንጋይ በድንጋይ እንደደረደረው። ለካ ደርዳሪ የለውም! ጭቃ የለ፣ ማሰሪያ የለ፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ቦታ እየተለዋወጠ ይንሸራተታል፣ ሰልፉ ግን አይፈርስም። ዛሬም ሳስበው እደነቃለሁ።

«ለምን ተዘጋ?» ሲል መምህሩ ጠየቀ።

«ጭራው ውሃ ስለሚጠላ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«የሚጠላ አይመስለኝም» አልኩ። «ውሃው ነው እርስ በርሱ አጥብቆ የሚያያዘው። ቅባቱ መሃሉ ሲገባ ስለማይመቸው ገፍቶ ወደ አንድ ላይ ይሰበስበዋል።»

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከመጽሐፉ ሥዕል ግርጌ። በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።»

«እኔ ዘልዬዋለሁ» አለ፣ በሁላችንም ፊት። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚል ግን ጥቂት ነው።

ስወጣ ወንድሜ ከድንጋዩ ተነሣ። «ሰው ለሰው ጀርባ ሲሰጥ ነው ትምህርት የምትሉት?»

የሰው ገላ እያንዳንዱ ሕዋሱ በእንዲህ ያለ ሰልፍ እንደተከለለ ነገርኩት።

«የእኔም?»

«የአንቱም፣ ወንድም ጋሼ። የበሬውም።»

«በሬው ሞቷል።»

ወደ ሜዳው ዞር ብሎ አየ። ቀጥሎ «መምህሩ አንቺን ሲያዳምጥ አየሁ» አለ። «ፈተናው መቼ ነው?»

«ሰኔ።»

«እስከ ሰኔ ምን ልትበይ?»

«ለቤት አከራዬ ውሃ እቀዳለሁ፤ በቀን አንዴ ታበላኛለች።»

ከገበያ ለቤት የሸመታትን ማሽላ ፈታና አጋማሿን ነጠላዬ ላይ ገለበጠ። ከማን አፍ እንደምትጎድል ሁለታችንም እናውቃለን። «አይሆንም» ብል «ያዢ!» ብሎ ተቆጣኝ።

ከዚያ የወግዲን መንገድ ብቻውን ያዘ።