መግል ያልያዘ ቁስል

የታናሽ ወንድሜን ቁስል የማጥበው እኔ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ሌላው አይወጣልኝም።

ስድስት ዓመቱ ነበር። እኔ ፎርም ፎርን፣ የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ክፍል፣ በጨረስኩበት ዓመት፣ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ባለው ቤታችን ደጃፍ፣ ተረከዙን እሾህ ወጋው። በሳምንቱ ቁስሉ ሰፋ፤ ዳሩ ጠቆረ። በጨው ውሃ ሳጥበው መግል ፈለግሁ። የለም። ደረቅ ነበር።

ከዳበል መንደር ፍየል እያመጣ የሚሸጥ ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ አየው።

"እኛ ከብት ላይ የምንፈራው መግል ስናይ ነው። ይሄ ንጹሕ ነው። ወይስ ዳክታሪው ምን ይላል?" ብሎ ሳቀብኝ። ባዮሎጂ ስለተማርኩ በስዋሂሊ ሐኪም እያለ ነበር የሚጠራኝ።

"ንጹሕ ነው" አልኳት እናቴን።

ሆስፒታል ልትወስደው ወደ ናይሮቢ በሚወርድ የጭነት ሎሪ ላይ ቦታ ለምና አግኝታ ነበር። ተወችው።

ሌላ ሎሪ እስኪገኝ አሥራ አንድ ቀን አለፈ። ቁስሉ ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ። ወንድሜ መንገድ ላይ "ደረስን?" እያለ ይጠይቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን መጠየቁን ተወ።

ናይሮቢ ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ደሙን አስመርምራ ወረቀት ላይ ቱቦ ሣለችልን። በስዋሂሊ ትናገራለች፤ እኔ ለእናቴ ወደ ኦሮምኛ እተረጉማለሁ። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ከሚገባው በላይ ብዙ ናቸው፤ ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር አጥብቆ የሚያጣብቃቸው ፕሮቲን ግን ሲወለድም አልነበረውም። ግድግዳውን እየነኩ ይንከባለላሉ፤ መያዝ አይችሉም፤ ቁስሉን አልፈው ይሄዳሉ።

"ፍሬን እንደሌለው ሎሪ" ብዬ ከራሴ ጨመርኩ።

ሐኪሟ ቀጠለች። መግል የሚሆኑት እነዚያ ሕዋሳት ናቸው፣ ቁስሉ ጋ ደርሰው ሲሞቱ። ቁስሉ መድረቁ ራሱ ምልክት ነበር። ቶሎ ብትመጡ ኖሮ...

ይህን አልተረጎምኩም። "መድኃኒት ይሰጡታል" አልኩ።

የእናቴ ስዋሂሊ የገበያ ነው። ከብት ሲታይ የሚባለውን ግን ታውቃለች።

"ኡሳሃ ስትል ሰምቻለሁ። መግል ማለቷ ነው። ስለ መግሉ ምን አለች?"

ወረቀቱ ላይ የተሣለውን ቱቦ ማየት ጀመርኩ።

"አንተን እኮ ነው፣ ልጄ።"

ያልተረጎምኩትን ነገርኳት። የወንድሜን አንሶላ አስተካከለች።

"ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይተርጉምልኝ" አለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሟ ልታናግረን መጣች። እናቴ በእጇ ምልክት አስቁማት ኦሮምኛ የምትችለውን የጽዳት ሠራተኛ አስጠራች። ሐኪሟ ተናገረች። ወንድሜ እንዳረፈ እኔ ወዲያው ሰማሁ። እናቴ ግን ሴትየዋ በኦሮምኛ እስክትነግራት ድረስ ጠበቀች፤ ፊቴን አላየችም።