የሚዳሰስ መስመር

ሮቤ የመምህርነት ሥልጠናዬን በጨረስኩ ዓመት፣ ገሰራ አጠገብ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ስዕል እንዳስተምር ተመደብኩ። ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ትምህርቱ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ የጎባ ልጅ ብሆንም ኦሮምኛዬ የገበያ ነበር። ቀለም የለም፣ የስዕል ወረቀት የለም። ያለኝ ጠመኔ ብቻ ስለሆነ መስመር አስተማርኩ። መስመርን በኦሮምኛ «ሰረራ» እያልኩ ቀጥ ያለውን፣ የጎበጠውን፣ የተሰባበረውን ሰሌዳ ላይ አሰምርላቸዋለሁ። ልጆቹ ከዚያች መስመር የገብስ ማሳ፣ የፈረስ አንገት ያወጡ ነበር።

አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ግን አስቸገረችኝ። ክብ ሣሉ ስል ጫፍና ጫፉ የማይገናኝ ነገር ታመጣለች። አንዳንዴም መስመሯ ከደብተሩ ወጥቶ ዴስኩ ላይ ይሄዳል። ታላግጥብኛለች ብዬ በክፍሉ ፊት አንበረከክኋት። ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል።

በሳምንቱ አጠገቧ ቆሜ ሳያት፣ የእርሳሱን ጫፍ በግራ እጇ ጣት እየዳበሰች ትከተለው ነበር።

«ሰሌዳው ላይ ምን ይታይሻል?» አልኳት።

«ጥቁሩ ይታየኛል ቲቸር። ነጩ ግን ጠፍቶብኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከትምህርት ያስቀሩኛል ብዬ።»

ከአባቷ ጋር ጎባ ወሰድናት። ሐኪሙ ዓይኗን በመብራት አይቶ መነጽር እንደማይረዳት፣ ሕመሙም እየባሰ እንደሚሄድ ነገረን። ስንወጣ አባቷ ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንድ ነገር በይኝ እንጂ!»



ከዚያ በኋላ እንደ እብድ አደረገኝ። ከባለሱቁ ሲባጎ ለምኜ፣ ካርቶን ላይ በዱቄት ሙጫ እየለጠፍኩ የሚዳሰስ መስመር ሠራሁላት። ዓይኗ ጨርሶ ሳይጨልም ፈረሱን፣ ዛፉን፣ የስሟን ፊደላት ሁሉ ላሳውቃት ቸኮልኩ። ጣቷን ይዤ እጎትታታለሁ። አንድ ቀን እጇን መነጨቀችኝ።

«ቲቸር፣ ቀስ ይበሉ! ገና አልደረስኩበትም።»

የበልጉ ዝናብ ሲበረታ ቀረች። ጭቃውን አቋርጬ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ «ወንዙ ሞልቷል፤ ማን ያመላልሳት?» አሉኝ። «እኔ» አልኩ። ለሁለት ሳምንት እጇን ይዤ አመላለስኳት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ገና ሳላውቃት የጠየቅኩት ዝውውር መጣልኝ። ጎባ፣ እናቴ ቤት አጠገብ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ልሰናበት ስሄድ እናቷ «ረቢ ይስጥሽ» ብለው በፈጣሪ ስም መረቁኝ። ልጅቷ ከጓዳ አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ ማን እንዳመላለሳት አላውቅም። የገሰራ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ልጠይቅ እልና እፈራለሁ።