የጉርዲያል እናት ስም

ጦር ሜዳ የዋለ ሰው «እስቲ አውራ» ሲባል ተራራ ይጠራል። እገሌ ተራራ ላይ እንዲህ ሆንን ይላል። እኔ የምጠራው ተራራ የለኝም፤ የኔ ኩይሳ ነው። ምስጥ የሠራው ኩይሳ። እዚህ ቆሰበር ይህን ስናገር ልጆች ይስቃሉ፤ ይሳቁ። የኮንጎን ኩይሳ ያላየ ነው የሚስቀው። ቁመቱ ሁለት ጎጆ ቢደራረብ ያህላል፣ አናቱ ላይ ዛፍ በቅሎበታል። አሥራ አንድ ሰዎች ከነመትረየሳችን ከጀርባው ተኝተን ሁለት ቀን ተዋግተንበታል።

ጊዜው በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ ቆብ አድርገን ኮንጎ ዘመትን። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ አሥር አለቃ ነበርሁ፣ የጓድ መሪ። ስድስተኛ ክፍል ስለጨረስሁና ዳንግላ ትምህርት ቤት አንድ ሕንዳዊ መምህር ሒሳብ በእንግሊዝኛ ስላስተማረኝ፣ ከውጭ ሰው ጋር መነጋገር ባስፈለገ ቁጥር «ያን አሥር አለቃ ጥሩት» ይባል ነበር። ያቺ እንግሊዝኛ ብዙ አልነበረችም። ከሞላ ጎደል ግን ታግባባለች።

ከጓዴ ውስጥ አየነው የሚባል የአዘና ልጅ ነበር። አባቱ መሪጌታ አንዳርጌ የታወቁ ደብተራ ናቸው። ሕመም የጠናበት፣ ዐይነ ጥላ የያዘው፣ ልጅ የማይበረክትላት፣ ሁሉም እሳቸው ደጅ ነው የሚቆመው፤ እሳቸውም ክታብ ይጽፋሉ። ልጃቸው ሲዘምት በብራና ጽፈው፣ በቀይ ቆዳ ሰፍተው አንገቱ ላይ አሰሩለትና «ይህ ካንገትህ እስካልወረደ ድረስ ትመለሳለህ» አሉት። ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። «አንተ የተማርህ ነህ። አደራህን» አሉኝ። እሺ አልሁ። አደራ ሲሉህ እሺ ማለት ቀላል ነው።

ታኅሣሥ ላይ ነው። እዚያ አገር በኛ በጋ ዝናብ ይወርዳል። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትእዛዝ መጣ፤ ወደ ከተማው የሚያስገባው መንገድ ተዘግቷል፣ አስከፍቱ ተባልን። ሄድን። ሁለት ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተብን። ኩይሳው ጋ ደርሰን ተኛን። ሞርታር ይወርዳል። መልሰን ተኮስን። አራት ሰዓት ላይ መትረየስ ተኳሹ ዳምጤ ወደቀ። ሞላ ተረከበው። ስምንት ሰዓት ላይ ሞላም ወደቀ። አየነው በደረቱ ተስቦ መትረየሱን ያዘ።

«አለሁ አሥር አለቃ» አለኝ። «ጥይት ብቻ አቀብሉኝ።»

አቀበልነው። አንድ ሰዓት ያህል ብቻውን ያዘልን። እኛ በሕይወት የተረፍነው በዚያች ሰዓት ነው። ከዚያ ተመታ፤ ከአንገቱ ሥር፣ በግራ ትከሻው በኩል። ጎትቼ ወደ ኋላ አመጣሁት። ደሙ ይንዠቀዠቃል። ፋሻ ልጠመጥም ብል ክታቡ ከነክሩ ቁስሉ ላይ ተጣብቋል። ጩቤ አወጣሁ። ማተቡን አልነካሁም። የክታቡን ክር ቆርጬ ወዲያ ወረወርሁት፤ ሣር ውስጥ ገባ። ቁስሉን ጠቅጥቄ አሰርሁት፤ ደሙ ቆመ። በማግስቱ መንገዱ ተከፈተ። ሲከፈት ሌላውን ልጃችንን ካሣን በጥይት አጣነው።

ከኛ ጎን የሕንድ ጦር ነበር፤ የሕክምና ድንኳኑም የነሱ ነው። አየነውን የተቀበለው ጉርዲያል የሚባል የሐኪም ረዳት ነው። የሃይማኖቱን ሰዎች ሲክ ይሏቸዋል፤ ጢማቸውንም ጠጉራቸውንም አይቆርጡም። ረጅም፣ ጢሙን በመረብ የሰበሰበ፣ እጁ ላይ የብረት አምባር ያለው ሰው ነው። ሞርታር እየወረደ እንኳ የብረት ቆብ አያደርግም፤ ጥምጣሙ ይበቃዋል። የኛ ልጆች «ቄሱ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ቁስል ሲያጥብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ነገር ያጉተመትማል። እኔ የደብተራ አገር ሰው ነኝ፣ ማጉተምተም የት እንደሚያደርስ አውቃለሁ። ይህ ሰውዬ አዋቂ ነው ብዬ በልቤ ያዝሁ።

በሦስተኛው ቀን አየነው ነቃ። ትኩሳቱ ሲያስቃዠው በአገውኛ በሬዎቹን በየስማቸው ሲጣራ ነበር የሰነበተው። ጉርዲያል «ጸሎት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «የለም፣ እያረሰ ነው» አልሁት። ሲነቃ ግን እጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ አንገቱ ነው።

«ክታቤስ?» አለኝ።

ውሸት አልመጣልኝም። «ቆረጥሁት» አልሁ።

አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ «እንግዲያው አዘናን አላያትም» ብሎ ፊቱን ወደ ሸራው አዞረ። ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ አለ። ውኃ እንኳ በግድ ነው። ዶክተሩ ቁስሉ እየጠገገ ነው ይላል፤ ሰውየው ግን በዐይናችን እያየነው ይሄዳል። እናንተ፣ ጓደኛችሁን ያዳናችሁበት እጅ የገደለው እጅ ሲሆን ምን እንደሚሰማ አታውቁም፤ አያሳውቃችሁ። ወደ ኩይሳው ተመልሼ ፈለግሁ። በጉልበቴ ሄጄ ሣሩን አንድ በአንድ ዳበስሁ። ዝናቡ ሁሉን አስተኝቶታል፤ አጣሁት።

ያኔ ነው ጉርዲያል ዘንድ የሄድሁት። ፋሻ ይቀቅል ነበር። ነገሩን እንዳለ ነገርሁትና «በናንተ ፊደል አንድ ክታብ ጻፍለት። የማያውቀው ፊደል ከሆነ ይበልጥ ያምናል» አልሁት።

«አልጽፍም» አለ።

«ለምን?»

«ሃይማኖቴ ነው። ጉሩዎቻችን፣ መምህሮቻችን ማለት ነው፣ ክር ማሰርን፣ ክታብ ማንጠልጠልን ነቅፈዋል። አስማት የለንም።»

ተናደድሁ። «ታዲያ ቁስል ስታጥብ የምታጉተመትመው ምንድን ነው? የእህል ዋጋ ነው?»

አልተቀየመኝም። «የፈጣሪ ስም ነው» አለ። «ማንትራ እንለዋለን። አንድ አምላክ አለ፣ ማንንም አይፈራም፣ ማንንም አይጠላም ነው ነገሩ። ቁስሉን የሚያድነው መድኃኒቱና ንጽሕናው ነው። ስሙን የምጠራው እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። በሽተኛውም ሲሰማው ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ፍርሃት ሲቀንስ ሰው ይበላል፣ ይተኛል። ወረቀት ላይ ጽፌ ካሰርሁለት ግን ወረቀቱን ነው የሚያምነው። እሱም እንደገና ይጠፋበታል።»

ከዚያ ፋሻውን እያወጣ ሳቅ አለ።

«እውነቱን ልንገርህ? በኛም መንደር ጊንጥ የነደፈው ሰው ውኃ ላይ ድግምት ደግሞ ወደሚያጠጣ አዋቂ ነው የሚሮጥ። እናቴም ትሮጣለች። የቤተ ጸሎታችን ሽማግሌዎች ይቆጧታል፤ እሷ ግን ሁለቱንም አትተውም።»

እኔም ሳቅሁ። የሱ መንደርና አዘና ወንዝ ብቻ የሚለያቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ሥራውን ሳይጀምር፣ እጅና እግሩን ታጥቦ መጣ። ጫማውን አወለቀ። አየነው አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጸሎቱን ይል ጀመር። ዜማ አለው። አየነው ፊቱን ሳያዞር በአገውኛ ጠየቀኝ።

«ይህ ሰው ክርስቲያን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ቤት ነኝ ብሎ ይጸልይልኛል?»

ለጉርዲያል አስተረጎምሁለት። ጉርዲያል አሰበና «አምላክ ስንት ነው? ብለህ ጠይቅልኝ» አለ።

አየነው ይህን ሲሰማ ዞረ። «አንድ ነው እንጂ! ምን ይጠይቀኛል ይኸ ሰውዬ?»

የደብተራ ልጅ ስለሆነ ተቆጣ። ቁጣውን ሳይ ደስ አለኝ፤ ሊሞት የተዘጋጀ ሰው አይቆጣም።

«እንግዲያው እኔ የራሴን ስል እሱም የራሱን ይበል» አለ ጉርዲያል። «ክታቡ ላይ ተጽፎ የነበረውን በቃሉ ያውቀው የለም?»

የዚያን ዕለት አየነው ፊቱን ወደ ሸራው መለሰ። በማግስቱ ሲክዬው ሲጀምር፣ ከብርድ ልብሱ ሥር «አቡነ ዘበሰማያት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቀረውን አላስታውስም፤ ወጥቼ ከድንኳኑ ጀርባ አለቀስሁ። በሦስተኛው ጧት አየነው ሾርባ ጠየቀ። ጠጥቶ «ጨው የለውም» አለ። ይህን ሲል የሰሙት የኛ ልጆች «አሁን ዳነ» አሉ።

እንዲህ ሲነጋ ሲነጋ፣ ሁለት ሰዎች በማይግባቡበት ቋንቋ ጎን ለጎን እየጸለዩ አንድ ሳምንት ቆዩ። አንዱ ሲጨርስ ሌላውን ይጠብቀዋል። የኛ ጸሎት ይረዝማል፤ ጉርዲያል ዐይኑን ጨፍኖ ሳይሰለች ይጠብቅ ነበር።

አየነው በአውሮፕላን ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚሄድበት ጧት መጣ። ሦስት ሰዓት ላይ መኪና ቀረበ። ቃሬዛው ላይ እንዳለ የጉርዲያልን እጅ ይዞ አልለቅ አለ።

«አሥር አለቃ፣ የእናቱን ስም ጠይቅልኝ። አባቴ እንዲያስበው እነግረዋለሁ። ያለ እናት ስም ደግሞ አይሆንም።»

እውነቱን ነው። እኛ አገር ደብተራ የሚጸልይለትን ሰው በእናቱ ስም ነው የሚጠራው። ነገር ግን ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ መቶ አለቃው «ፈጠን በሉ!» ይላል፣ እኔም እንግሊዝኛዬ በጩኸት መሐል ይጠፋኛል። ይህን ሁሉ ባሕል ማን ቆሞ ያስረዳል?

«ነገ እጠይቅልሃለሁ» አልሁት።

መኪናው ተነቃነቀ። ጉርዲያል «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አመሰግናለሁ ነው ያለው» አልሁት።

ደስ አለው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

በዚያው ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሞርታር ድንኳኖቹ መሐል ወደቀ። ጉርዲያል ቁስለኛ ተሸክሞ እየወጣ ነበር። ቁስለኛው ተረፈ። ስንደርስ ጥምጣሙ እንዳለ ነው፣ አልተፈታም። ጓደኞቹ በደንባቸው መሠረት በእሳት አሰናበቱት፤ እኛም ቆብ አውልቀን ቆምን። ነገ ያልሁት ነገር እዚያው አብሮ ተቃጠለ።

ዘመቻው አልቆ ስንመለስ፣ ከቆሰበር በፈረስ አዘና ድረስ ከአየነው ጋር ሄድሁ። መሪጌታ ልጃቸውን ስመው ሲጠግቡ፣ ሳልቀመጥ ተናዘዝሁ።

«መሪጌታ፣ ክታብዎን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

«ባትቆርጠው ይሞት ነበር?»

«ይሞት ነበር።»

«እንግዲያው ምን ቁጭ በል እስክትባል ትቆማለህ?»

ተቀመጥሁ። አየነው የጉርዲያልን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው። ክታብ አልጽፍም ማለቱን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠንካራ ሰው ነው» አሉ። «እኔ ሰው ደጄ መጥቶ ሲያለቅስ እምቢ ማለት አልችልበትም። ስንቱን ጽፌያለሁ። ለመሆኑ እናቱ ማን ትባላለች?»

አየነው ወደኔ ዞረ። «አሥር አለቃ ጠይቆታል። ማን ትባላለች አለህ?»

ከኮንጎ ጥይት ይልቅ ያቺ ጥያቄ ከበደችኝ። «አልጠየቅሁትም» አልሁ። «አመሰግናለሁ ብሏል ብዬ ነው የነገርሁት። በዚያው ቀን ሞተ።»

አየነው ተነሥቶ ወጣ። መቆጣት እንኳ አልተቆጣ፤ ይኸ ነው የባሰብኝ። ጉርዲያል ስለ እናቱ ሲያወራኝ ስቄ ነበር እኮ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረኝ።

መሪጌታ ተነሥተው ብራና አወጡ፣ መቃቸውን ቀረጹ፣ ቀለም በጠበጡ። ቀስ ብለው ጻፉ። አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ «ጉርዲያል ወልደ ሔዋን» ይላል።

«የሔዋን ልጅ?» አልኋቸው።

«ከሷ ያልተወለደ ታውቃለህ?»

«የደብራችሁ ቄስ ቢሰሙስ?»

«እሳቸው ከመቅደስ አይጠሩትም፤ ደንባቸው ነው። እኔ ከቤቴ እጠራዋለሁ። ደብተራነት ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?»

ብራናውን አልሰፉትም። ክታብ አይደለምና ምሰሶው ላይ ገልጠው ሰቀሉት። አየነው ተመልሶ ገባ፣ አነበበው፣ ከአጠገቤ ተቀመጠ። እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ ሲነጋ ይጠሩት ነበር። ከሳቸው በኋላ አየነው ጠራው። አየነውም በሽምግልና፣ በአልጋው ላይ፣ በአዘና ዐርፏል። ሌላ ክታብ አላሰረም፤ ይኸው የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ብራናውም እኔ ቤት ነው።

ሰው ስለ ጀግንነት ሲጠይቀኝ የምመልሰው ትንሽ ነው። ፈርተን ነበር፣ ቆየን፣ የተረፍነው ተረፍን። የምመክራችሁ አንድ ነገር ቢኖር፣ የሰው ስም ሰውየው አጠገባችሁ ሳለ ጠይቁ። ከኛ ጓድ የሞቱት ሦስት ናቸው፤ ዳምጤ፣ ሞላ፣ ካሣ። የእናቶቻቸውን ስም አውቃለሁ፣ ሦስቱንም ሄጄ መርዶ አርድቻለሁ። አራተኛው ጉርዲያል ነው። እናቱን ያረዳት ሌላ ሰው ነው፤ ማን ብሎ እንደጠራት አላውቅም።