እናቴን ሦስት ያደረጋት ቃል

እናቴ ሕመሟን በአፏ አትጠራም። ጉንፋን ቢይዛት «ትንሽ ብርድ ነካካኝ» ነው የምትለው፤ ከዚያ የባሰ ከመጣ ደግሞ ጭራሽ ዝም ትላለች። እኔ በተቃራኒው አፌ አያርፍም። ያመመኝን ብቻ ሳይሆን ሊያመኝ የሚችለውንም እናገራለሁ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ሲባል ሰው ይስቃል እንጂ እኔ አልስቅም፤ አምኜበት ነው የምኖረው።

ገና ተማሪ ሳለሁ እናቴ ጉሮሮዋን ክፉኛ አመማትና ፔኒሲሊን ተወጋች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። መርፌው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ ማበጥ ጀመረ፣ ፊቷ ተነፋ፣ ትንፋሿ እየቀጠነ ሄዶ ፉጨት ሆነ። ሐኪሞቹ ተሯሩጠው አተረፏት። «እናቴ፣ ይኼ መድኃኒት ሁለተኛ እንዳይነካዎት፤ የሄዱበት ሁሉ ይናገሩ» አሏት። ራሷን ነቀነቀች።

አልተናገረችም። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያናችን ሄደች፣ ተጸለየላት፣ መድረክ ላይ ወጥታም «ተፈውሻለሁ» ብላ መሰከረች፤ ጉባኤው በእልልታ ተቀበላት። እንደኛ ጴንጤ ቤት ያደገ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። ተፈወስኩ ብለህ ከመሰከርክ በኋላ በሽታውን ስሙን መጥራት የተቀበልከውን እንደ መመለስ ነው። ስለዚህ ሐኪም «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «የለም።» እኔ ስነጫነጭባት «አንቺ ካላመንሽ ተዪው፣ የኔን እምነት ግን አትነካኪብኝ» ትለኛለች። ከእናት ጋር እስከ መቼ ትጨቃጨቂያለሽ? መጨቃጨቁን ተውኩት። ግን ክሊኒክ በሄደች ቁጥር እስክትመለስ ድረስ እህል አይወርድልኝም ነበር።

እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ከመጋረጃ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ እኔና አንድ ባልደረባዬ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሠራለን። እናቴ የምትታከምበት ጀሞ ያለው የግል ክሊኒክ የሕመምተኞች መዝገቡን በኮምፒውተር እንድናደርግለት ሥራውን ሲሰጠን፣ እውነቱን ልናገርና ለራሴ ስል ነው ደስ ያለኝ። ሠራተኞቹን ባለማመድንበት ቀን እናቴም መጥታ ነበርና እንግዳ ተቀባይዋ በታብሌት መዘገበቻት። እኔ ደግሞ ለሐኪሙ ነገሩን አስረድቼ፣ በዋናው ኮምፒውተር መዝገቧን ከፍተን «ፔኒሲሊን እንዳይሰጥ» የሚል ቀይ ምልክት አስገባንባት። መዝገቧን የከፈተ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያየው ያንን ቀይ ነው። እናቴ የማትለውን ማሽኑ ይልልኛል ብዬ ተነፈስኩ። ክሊኒክ ስትሄድ ምሳዬን መብላት ቻልኩ።

ጀሞ ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውኃ ነው፤ በፈለገው ቀን ይመጣል፣ በፈለገው ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ስንሠራው ታብሌቶቹ ኔትወርክ ባይኖርም እንዲመዘግቡ፣ ሲመጣ ደግሞ የያዙትን መዝገቡ ሁሉ ወደሚጠራቀምበት ዋናው ቋት፣ ወደ ዳታቤዙ፣ እንዲልኩ አደረግን። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ቋቱ ራሱ ነው፤ አንድ ብሎ ጀምሮ እያከታተለ ያድላል። ከታብሌት የሚመጣውን ከቋቱ ጋር የሚያገናኘው በእንግሊዝኛው መርጅ የሚባል ትዕዛዝ ነው። ባልደረባዬ ትዕዛዙን ጻፈና አዝራሩን «አዋህድ» ብሎ ሰየመው። እሱ እሑድ ከቅዳሴ የማይቀር ኦርቶዶክስ ነው፤ እኔን ማብሸቅ ደግሞ ሁለተኛ ሥራው ነው። «ተዋህዶን እናንተ ጴንጤዎች የት ታውቁታላችሁ? ሁለቱ አንድ ይሆናሉ ማለት ነው» አለኝ። «መጀመሪያ አንድ አድርገህ አሳየኝ» አልኩት።

አሳየኝ። ኔትወርኩን አጠፋን፣ በታብሌት አንድ የውሸት ሕመምተኛ መዘገብን፣ ኔትወርኩን አበራን፣ አዋህድን ነካን። ሕመምተኛው ቋቱ ውስጥ ገባ፣ ቁጥርም አገኘ። ቃሉ ራሱ ልባችንን ሞላው መሰለኝ፤ ተዋሐደ የተባለ ነገር ተመልሶ ሁለት ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? ያንኑ ሕመምተኛ ሁለተኛ ጊዜ ልከን አልሞከርንም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ልወጣ ስል እናቴ ጉንጯን ይዛ አገኘኋት። ጥርሷ ሥር መግል ቋጥሮ ፊቷ በአንድ በኩል አብጧል። «ክሊኒክ ብቅ እላለሁ፤ አንቺ ሥራሽን ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። ቀዩ ምልክት አለ ብዬ ነው የሄድኩት።

ቢሮ ገብቼ ብዙም ሳልቀመጥ የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ደወለች። «እህቴ፣ ሲስተማችሁ ሰው ይደግማል» አለችኝ።

«እንዴት ነው ሰው የሚደግመው?»

«አንድ ሰው ስፈልግ ሁለት ይወጣል። ከዚያም በላይ የሚወጣ አለ።»

«ሁለት ጊዜ መዝግባችሁት ነዋ» አልኳት ቆጣ ብዬ። ተጠቃሚውን መውቀስ በኛ ሙያ ከሰላምታ ይቀድማል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለማየት ያህል ቋቱን ከፈትኩ። ማንን ልፈልግ ብዬ አላሰብኩም፤ ጣቴ የእናቴን ስም ጻፈ።

ሦስት እናት ወጣችልኝ።

ስሟ ያው፣ የአባቷ ስም ያው፣ ዕድሜዋ ያው፣ ስልኳ ያው። የተለያየው ቁጥራቸው ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን ከፈትኩ፤ ቀይ ምልክቷ አለ። ሁለተኛዋን ከፈትኩ፤ ንጹሕ ናት፣ ምንም የለባትም። ሦስተኛዋም ንጹሕ ናት። የተመዘገበችበትን ሰዓት አየሁ። ሦስተኛዋ የተፈጠረችው ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ነበር። እናቴ ክሊኒክ ገብታለች ማለት ነው፤ የተከፈተላትም ንጹሑ መዝገብ ነው።

«ና እስቲ ይኼን እይ» አልኩት ባልደረባዬን። ወንበሩን ጎተተና አጎንብሶ አየ። ከዚያ ራሱ የጻፈውን ከፍቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ግልባጩ ነው» አለ።

«የምን ግልባጭ?»

«አዋህድ ስንለው የመጣለትን ሰው ቁጥር ያያል። ቁጥር ካለው ቋቱ ውስጥ ፈልጎ ያድሰዋል። ቁጥር ከሌለው አዲስ ሰው ነው ብሎ ግልባጭ ያወጣል፤ ቁጥሩን የሚሰጠው ለግልባጩ ነው። ከታብሌት የመጣው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ቁጥሩን ተቀብለን ወደ ታብሌቱ መመለስ ነበረብን።»

አልመለስንም። ታብሌቱ ላይ ያለችው እናቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቁጥር የላትም። ነርሶቹ ደም ግፊቷን ለክተው በላኩ ቁጥር ቋቱ አያውቃትም፤ እንደ እንግዳ ይቀበላትና ሌላ እናት ይፈጥራል። ቀዩ ምልክት የተጻፈባት የመጀመሪያዋ ግልባጭ ደግሞ ማንም ሳይከፍታት እዚያው ቁጭ ብላለች።

«አንድ ይሆናሉ ያልከኝ ይኼ ነው?» አልኩት። ላበሽቀው አልነበረም። ፊቱ አመድ መሰለ።

የእናቴን ስልክ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ክሊኒኩን ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። እንደገና ደወልኩ፤ ተይዟል። «አንተ እስኪያነሱ ደውል፤ ለማንም መርፌ እንዳይሰጡ ንገራቸው፣ ታብሌቶቹንም ዝጋ» አልኩትና ቦርሳዬን እንኳን ሳልይዝ ደረጃውን ወረድኩ። ለእናቴ ብቻ አልነበረም የፈራሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያን ሰዓት ግን የሌላውን ሰው እናት አላሰብኩም።

ጀሞ የሚል ሚኒባስ አገኘሁና ገባሁ። ረዳቱ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ይጣራል። «ውለታ ዋልልኝና ንዳልኝ፤ እናቴ ልትሞትብኝ ነው» አልኩት ሾፌሩን። እንዲህ ብዬ በአፌ ስለው የበለጠ ፈራሁ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና አንቀሳቀሰው። ለቡ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። መኪናው በቆመ ቁጥር ያ ፉጨት ጆሮዬ ላይ ይመጣል። እናቴ ከንፈሯ ሲያብጥ ማን ያያታል? ነርሷ ወጋቻትና ወደ ሌላ ሰው ሄዳ ቢሆንስ? አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «አይዞሽ ልጄ፣ ምን ሆና ነው?» አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ምን ልበላቸው? እናቴ ሦስት ሆነች ልበላቸው? አለቀስኩ። እሳቸውም እጄን ያዙኝ።

ሳይደርስ ወርጄ ሮጥኩ። ክሊኒኩ ስደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከሌላ ሰው ጋር ታወራለች። ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል ከእናቴ ጋር ረቡዕ ረቡዕ የሚጸልዩ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሰላም ሊሉኝ ተነሡ፤ አልፌያቸው የመርፌ ክፍሉን በር ከፈትኩ።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አጣፍታ ይዛለች፣ አይኗ ከወለሉ አልተነሣም። መርፌው በትሪ ላይ ተዘጋጅቷል። ከንፈሯን አየሁ። ያበጠው ጉንጯ ብቻ ነበር።

«ተወግታለች?» አልኳት ነርሷን።

«ኧረ እምቢ ብለውኛል» አለች ነርሷ፤ ሰልችቷታል። «መርፌውን ያዘዘው አዲሱ ሐኪም ነው፤ መዝገባቸው ላይ ምንም የለም። የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ወይ ስላቸው አለም አይሉኝም፣ የለምም አይሉኝም። ልጄ ትመጣለች፣ እሷን ጠይቂ ይሉኛል። ልደውልላት ብላቸው ስልኬ ቤት ቀረ አሉ፤ ቁጥርሽንም አያውቁትም። ይኸው ስንት ሰው አቁመው ተቀምጠዋል።»

በሩን ዘጋሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀዩ ምልክት የት እንዳለም፣ ያን ጊዜ ምን እንደሆነችም። ነርሷ ትሪውን አነሣች። ሐኪሙን ልጠራ ብላ ወጣች። እኔ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እማዬ» አልኳት፣ «እንደምመጣ በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም።»

«ታዲያ ለምን ትመጣለች አልሻት?»

እናቴ ውሸት አትናገርም። «የለም» ስትል እንኳን አምና ነው ብዬ ነበር የማስበው። በሩን አየች፤ ከበሩ ውጪ ያሉት የጸሎት እህቶቿ ድምፅ ይሰማል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ፈርቼ ነው» አለችኝ። «እንደዚያን ቀን ደግሞ ትንፋሼ የሚያጥር መሰለኝ። ሁሌም ነው የምፈራው። ለእህቶች እንዳትነግሪብኝ።»

እሺ አልኳት። ሐኪሙ እስኪመጣ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ሁለታችንም በሩን እያየን ተቀመጥን።