የሳቀችው ተማሪ

ዩቻው የሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ልጅ ናት። ኬሚስትሪ ጨርሳ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ፎረንሲክ ሳይንስ ስትመርጥ አባቷ፣ "ከሬሳ ጋር ልትውዪ ነው?" ብሎ አኩርፏት ነበር። እሷ ግን የምትውለው ከማይክሮስኮፕ ጋር ነው። ሬሳ ፊት የቆመችው በሁለተኛው ዓመት፣ በጂያዪ ከተማ አስከሬን ማቆያ ለልምምድ ስትመደብ ነው።

አንድ ጠዋት ጂንሽዊ የሚባል ጎልማሳ ከዓሣ ኩሬ ውስጥ ሞቶ ተገኝቶ አስከሬኑ መጣ። እናቱ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ዶክተር ሊያው እንደ ሁልጊዜው ሬሳው ላይ ጎንበስ ብለው፣ "ወንድሜ ጂንሽዊ፣ አሁን ልንነካህ ነው፤ እንዳትደነግጥ" አሉት።

አብሯት የሚማረው ቦሃን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "እሺ ብሎ ከመለሰ እኔን እዚህ አታገኚኝም።"

ሳቋ አመለጣት። ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችው ፍርሃት ነበር እንደዚያ ሆኖ የወጣው። በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበር።

"ማናት እሷ?" እናትየው ብድግ አሉ። "በልጄ ነው የምትስቀው? ማንም እንዳይነካው!"

ቦሃን ጓንቱን ማስተካከል ያዘ። ዶክተሩ ዩቻውን አዩዋት። ፊቷ ነደደ። ወደ ኮሪደሩ ወጣች። አፍና አፍንጫዋ በጭምብል ተሸፍኗል፤ እናትየው መልኳን አላዩም። አቀርቅራ ደረጃውን ብትወርድ ማንም አያውቃትም ነበር። እግሯም ወደዚያው መሄድ ጀምሮ ነበር።

ጭምብሏን አወለቀች።

"እኔ ነኝ እማማ። በልጅዎ አልሳቅሁም፤ ፈርቼ ነው።" የገዛ ቃሏ ማመካኛ መስሎ ተሰማት። "ግን ስቄያለሁ።"

"እናት አለሽ?"

"አለችኝ።"

"እሷ ብትሰማሽስ?"

ዩቻው መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እናትየው እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

"ግቢ። ምን ልታደርጉት እንደሆነ አንቺው ንገሪው። እኔ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ።"

ገባች። እስከዚያ ቀን የሽማግሌ ወግ ይመስላት የነበረው የዶክተሩ ንግግር ምላሷ ላይ ከበደ።

"ወንድሜ ጂንሽዊ... ዩቻው እባላለሁ። ደረትህን ልንከፍት ነው። ውሃ ገብቶ እንደሆነ ለማየት ነው። ስቄብሃለሁ... ይቅር በለኝ።"

ድምፅዋ ከከንፈሯ አላለፈም።

"ጮክ በይ እንጂ!" አሉ እናትየው ከውጭ። "ግራ ጆሮው አይሰማም!"

ዩቻው ወደ ሬሳው ቀኝ ጆሮ ዞረችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።