የታጠበው አስፋልት

ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ ማንኩሳ ስደርስ... አስፋልቱ ታጥቦ ጠበቀኝ።

እውነቴን ነው! ደረቅ የካቲት፣ ሰማዩ ላይ ደመና የለም፣ መንገዱ ግን ውሃ በውሃ ሆኗል። የውሃ ቦቴው ገና እየረጨ ነው።

እኔ የመጣሁት አዲሱን መንገድ ልመረምር ነው። የሕፃን ጋሪ የምታክል፣ አስፋልቱ ላይ ሲገፏት ከሥሩ ያለውን ጉዳት የምታሳይ ራዳር ይዣለሁ። እኔ «ደህና ነው» ካልኩ ርክክብ ይፈጸማል፣ ተቋራጩም ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አንድ አውቶቡስ ቢሰምጥ የማንኩሳ ሰው ማንን ይይዛል?

የተቋራጩ የሳይት ኃላፊ እጁን ኪሱ ከትቶ እየተጎማለለ መጣ። ገና ሳየው ደሜ ፈላ።

«ምንድነው ይሄ ውሃ?» አልኩት።

«መንገዱን ለሚረከቡት እንግዶች ክብር ነው ኢንጂነር! አቧራ እንዳይነሳ።»

አስፋልት ላይ አቧራ! ራዳር እርጥብ ነገር ላይ በደንብ እንደማያይ የሆነ ሰው ሹክ ብሎታል።

«እንግዲያው ሲደርቅ እለካለሁ።»

«እንግዶቹ ከቡሬ ተነስተዋል። መሣሪያህ ካልሠራ በዓይን አይተው ይረከባሉ። ደግሞ ልማት አደናቃፊ እንዳትባል...» ብሎ ፈገግ አለ።

ያኔ ይቺ ቃል ከሥራ ታስባርር ነበር።

ደግነቱ እንግዶቹ ዘገዩ። የባለሥልጣን መዘግየት ያስደሰተኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ፀሐዩ ከረር ሲል አስፋልቱ ላይ ላዩን ደረቀ። ቀጫጭኑ ስንጥቅ ግን ውሃውን ጠጥቶ ይዞታል። መንገዱ ሁሉ ጥቁር መስመር በጥቁር መስመር ሆነ... በተለይ ድልድዩ አጠገብ። ባይረጭ ኖሮ እኔ ራሴ በዓይኔ አላየውም ነበር።

ልክ በዚህ ሰዓት እንግዶቹ ደረሱ። የዞኑ ኃላፊ ከመኪናቸው ወርደው እግራቸው ሥር አዩ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«ው... ውሃ ነው ጌታዬ፣ አሁን ይደርቃል!» አለ የእኛ ጉረኛ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

ወደ ገበያ የሚያልፉ አንዲት እናት ሸክማቸውን እንደያዙ ቆም አሉ። «ኧረ በስመ አብ! መኪና የሚሄደው በዚህ ላይ ነው?»

የዞኑ ኃላፊ ርክክቡን ትተው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። በማግስቱ ድልድዩ አጠገብ ራዳሬን ስገፋ ከሥሩ ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ተቋራጩም ቆፍሮ እንደገና እንዲሠራው ተደረገ።

ሰነፍ አውቃለሁ፣ ሌባም አውቃለሁ... የገዛ ጉዱን በቦቴ ውሃ አጥቦ ለእንግዳ የሚያሳይ ደደብ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።